ለሽማግሌዎቹ የላክኩት መልስ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ስለ ነፍስህ ደህንነት አልጠይቅህም፤ የእሷ ጉዳይ ዓለም ሳይፈጠር ያለቀ መሆኑን አንተው አስተምረኸናል። ስለዚህ ስለ ጉልበትህ ልጠይቅህ። ደረጃ ስትወጣ አሁንም ይንቋቋብሃል? ሚስትህስ ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤን ያነሳሁት ባለፈው ደብዳቤህ ሦስት ጊዜ ስለጠየቅከኝ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እህት እንዳለህም ረስተኸው ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዘንድሮ ከነወገቤ ትዝ አልኩህ።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። ስልክህን እንደማላነሳ ስለምታውቅ በመጻፍህ ደግ አደረግክ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ እንደ እህት፣ ቀጥሎ እንደ ሥራዬ። ሥራዬን ታውቀዋለህ፣ ስብከት ሠርተህበታል። በሸክላ ፋብሪካችን ከምድጃ የወጣውን ኩባያ አንስቼ ጠርዙን በቀጭን እንጨት መታ አደርገዋለሁ። ጤነኛው ቅጭል ይላል፤ ድምፁም ትንሽ ይቆያል። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያለበት ደግሞ ኮሽ ይልና ዝም ይላል። ያንተ ደብዳቤ አራት ገጽ ነው። ሦስት ገጽ ተኩሉ ስለ እማማ ደግነት፣ በጀርባዬ አዝዬህ ስለተሻገርነው ጎርፍ፣ ስለ ወገቤ ነው። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ ጽሕፈትህ ባነሰበት ቦታ፣ «እታለም፣ ለመሆኑ ሽማግሌዎቹ ጽፈውልሽ ነበር? ምን ብለሽ መለስሽላቸው?» የሚል አለ። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ኮሽ አለብኝ።

አዎ፣ ጽፈውልኛል። የጉባኤያችሁ ደንብ መቼም ደስ ይላል። አንድ ሰው መጋቢ እንዲሆን እጅ ተጭኖበት ከመሾሙ በፊት ከገዛ ሥጋው አንድ ሰው በጽሑፍ ይመስክርለት ይላል። ሚስት አትቆጠርም፣ ልጅም አይቆጠርም፤ ወላጅ ወይም የእናት ልጅ መሆን አለበት። አባባም እማማም ካለፉ ወዲህ ላንተ የቀረሁልህ እኔ ብቻ ነኝ። በኮምፒውተር የተጻፉ አራት ጥያቄዎች ናቸው። ቤቱን በአግባቡ ያስተዳድራል ወይ? ቁጡ ነው ወይ? በውጭ ባሉት ሰዎች ዘንድ ስሙ እንዴት ነው? ለእነዚህ ሁለት ሁለት መስመር ትተውልኛል። አራተኛው «በቃሉ ወይም በኑሮው ምክንያት የተሰናከለ ነፍስ የምታውቂ እንደሆነ በዝርዝር ጻፊ» ይላል። ለዚህ ግማሽ ገጽ ባዶ ተትቷል። ብልሆች ናቸው፤ ብዙ መጋቢ ሳያዩ አልቀሩም።

መልሱን ልኬያለሁ። ያንተ ደብዳቤ እጄ ከመግባቱ ሦስት ቀን ቀድሞ ሄዷል። እውነቱን ልንገርህ፣ የጻፍኩት ሁለት መልስ ነበር። በአንደኛው ለአራተኛው ጥያቄ «አንድም አላውቅም» ብዬ የቀረውን ባዶ ተውኩት። በሁለተኛው ግማሹ ገጽ ስላልበቃኝ ከጀርባው ቀጠልኩ። ሁለቱንም አሸግኳቸው። አንዱን ፖስታ ቤት ወስጄ ሰጠሁ፤ ሌላውን ሥራ ቦታ ይዤው ሄጄ ምድጃው ውስጥ ጨመርኩት። የትኛው የት እንደገባ አውቃለሁ። ላንተ ግን አልነግርህም።

እንግዲህ ቻለው። ብታለቅስ አይለወጥም፣ ብትጾም አይለወጥም፣ ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጥተህ ወገቤን ብታሽልኝም አይለወጥም። ክፉም ደግም ሳትጽፍልኝ፣ በሥራህ ሳይሆን እንዲሁ በእኔ ፈቃድ የተወሰነ ነገር ነው። «ለምን አትነግሪኝም?» ብትለኝ ጭቃ ሠሪውን «ለምን?» አይለውም እልሃለሁ። ይህን ቃል የት እንደተማርኩት ታውቃለህ፤ በገዛ ማዕዴ ላይ ነው። ሚስትህ ለአዲሱ የመጋቢ ቤት መጋረጃ ለክታ መስፋት ጀምራለች አልከኝ። ትስፋ፤ የረዘመ መጋረጃ ይታጠፋል፣ ያጠረም ይቀጠላል።

እስከዚያው ራስህን መርምር። እሁድ ሽማግሌዎቹ ሲጨብጡህ እጅህን ምን ያህል እንደሚያቆዩት ልብ በል። የጉባኤው ጸሐፊ ዓይኑን ሰበር ካደረገ መጥፎ ምልክት ነው፤ ግን ደግሞ ዓይኑን አሞት ሊሆን ይችላል። ፈገግ ካሉልህ ጥሩ ነው፤ ግን ሰው የሚያሰናብተውንም ፈገግ ብሎ ነው የሚያሰናብተው። ደስ ካለህ፣ ደስታህ መመረጥህ ነው ወይስ መታለልህ? ከፈራህ፣ ፍርሃትህ ትሕትና ነው ወይስ ፍርድ? ይህን እየዞርክ ሁለት ሦስት ሳምንት ትቆያለህ፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ይነግሩሃል። የእኔ ባል ሁለት ዓመት ዞሮት የሚነግረው አላገኘም።

ክፉ ሆንሽብኝ ትላለህ። ሆንኩ። ከየት እንደመጣሁ ግን አስታውስ። ድመታችን አምስት የወለደች ጊዜ ስድስት ዓመትህ ነበር። አባባ አንዷ ብቻ ትቅር አለ፤ «እሱ ይምረጥ» አለና አንተ እግሯ ነጭ የሆነውን መረጥክ። አራቱን ከረጢት ውስጥ የከተታቸው አባባ ነው። ወንዝ ድረስ የተሸከምኩት ግን እኔ ነኝ፣ አንተ ስለምታለቅስ። ከረጢቱ ጀርባዬ ላይ ይንቀሳቀስ ነበር። ስመለስ ያቺን ነጭ እግር ወተት ስታጠጣት ደረስኩና «እታለም፣ እንዴት እንደምትወደኝ እዪ!» አልከኝ። ስለ ምርጫ ስትሰብክ አንተ የምታየው ያቺን ወተት የምትጠጣዋን ነው። እኔ ደግሞ ጀርባዬ ይታወሰኛል።

የተማርከውን ትምህርት ለምን እንደወደድከው ግን አውቃለሁ፤ ያንን አልነፍግህም። አባባ መዳን እንደ ቁልፍ ይጠፋል ብሎ ነው ያሳደገን። እራት ላይ «ዛሬ ብትሞቱ የት ናችሁ?» ይለን ነበር። የቀን ሥራችንን ቆጥረን ስንጨርስ ፊቱን አይተን ነው የምንበላው። አንተ ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላህ አልጋህ ይረጥብ ነበር፤ አንሶላህን እማማ ሳትነቃ የማጥበው እኔ ነበርኩ። ሃያ ዓመት ሲሞላህ ከዚያ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ እየሮጥክ መጥተህ «እታለም፣ የያዘው እሱ ነው! እኛ አይደለንም የያዝነው! የያዘውን አይለቅም!» ስትለኝ፣ አብሬህ አለቀስኩ። እንቅልፍ የወሰደህ ያን ቀን ነው።

ግን ስማኝ። የአባባና ያንተ ትምህርት የሚለያየው ላልወደቀ ሰው ነው። የወደቀውን አባባ «ነበረህ፣ ጠፋብህ» ይለዋል። አንተ ደግሞ «መቼም አልነበረህም» ትለዋለህ። አባባ ክፉ ነበር፤ ቢሆንም የነበረውን ዘመን አይወስድበትም።

ባለቤቴን በደንብ አታውቀውም። ሁለት ጊዜ ማዕድ ቀርበሃል እንጂ አታውቀውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምድጃ ላይ ሠርቷል። ባልደረቦቹ «መዳፍ» ነበር የሚሉት። መለኪያው ምንም ይበል፣ እሱ መዳፉን ከብረቱ በር አስጠግቶ «ገና ነው» ካለ ገና ነው፣ «ክፈቱ» ካለ ይከፈታል። አንድም ቀን አልተሳሳተም። ወጣት ሳለ ይጠጣ ነበር፤ ካመነ በኋላ ተወው። ሰባት ዓመት ያየሁትን ደስታ ማንም በስብከት አያሳጣኝም። ሳህን እያጠበ የሚዘምር ወንድ አይተህ ታውቃለህ? ያውም ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሳቱን አፈጠነው። ቶሎ ቤት መሄድ ፈልጎ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ሁለት ጋሪ ሙሉ ኩባያ ተሰነጠቀ። አለቃቸው «ማን ነው ያጠፋው?» ሲል ከአጠገቡ የሚሠራውን ጫኙን ጠረጠሩ፤ ባለቤቴም ዝም አለ። ጫኙ ተባረረ። በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቴ አለቃው ዘንድ ሄዶ እኔ ነኝ አለ። ደሞዙን ቀጡት፣ ጫኙንም እንመልሰው አሉ፤ ግን ሰውየው ቤተሰቡን ይዞ ከከተማው ወጥቷል። ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ ጠፋ። ባለቤቴ በየእሁዱ አውቶቡስ መናኸሪያ እየሄደ ጠየቀ። ሰው አልገደለ፣ ቤት አላቃጠለ፤ ዝም ነው ያለው። እሱ ግን «በእውነት የዳነ ሰው እንደዚያ ዝም ይላል?» የሚል ነገር ገባው።

አንተ ልትጠይቀን የመጣኸው በዚያው ወር ነው። ቅዳሜ ፋብሪካውን አስጎበኘሁህ፣ እሁድ በትንሿ ጉባኤያችን ስለ ኩባያ ሰበክህ። «እህቴ ስትመታው ስንጥቅ አትፈጥርም፤ የነበረውን ነው የምትሰማው» አልክ። ሰዉ እልል አለ፤ እኔም ኮራሁብህ። ምሳ ላይ ባለቤቴ ጠየቀህ። ስላፈረ ቀና ብሎ አላየህም፣ ሳህኑን በማንኪያ ይነካካ ነበር። የተመረጠ ሰው ሊጠፋ ይችላል ወይ አለህ። ከቶ አይችልም፣ ከእጁ የሚነጥቅ የለም አልከው። ፊቱ ሲበራ አየሁት። እኔ ከተመረጡት መሆኔን በምን አውቃለሁ አለህ። በፍሬህ አልከው። ፍሬው የበሰበሰ እንደሆነስ አለ። እዚህ ላይ ዳቦ እንድጨምርልህ ሳህንህን ወደ እኔ ገፋ አደረግክ፤ አፍህን ጠርገህም፣ እንግዲያው ዛፉ መጀመሪያውኑ አልተተከለ ይሆናላ አልከው። እኔ ለምን አንዱ ይመረጣል፣ አንዱ ይጣላል ብዬ ስገባበት፣ ጭቃ ሠሪውን ለምን አይልም ብለህ ሳቅክ። ዳቦውንም ጨመርኩልህ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። አንተ በማግስቱ ሄድክ፤ ቃሉ እኛ ቤት ቀረ። በሁለት ዓመት አምስት ደብዳቤ ጻፈልህ፤ ጽሕፈቱ ስለማያምር እየሰረዘ፣ እንደገና እየገለበጠ። አንተ አንድ ጊዜ መለስክለት። አንድ ገጽ ናት፣ አሁንም አለችኝ። «ከእኛ የወጣ ከእኛ ወገን አልነበረም፤ ጥሪህን መርምር» ትላለች። ሰላምታ እንኳ የላትም።

ከዚያ ደግሞ ያ ስብከትህ መጣ። በስልክ ተቀድቶ ነው የደረሰን። «አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ እንደ ኩባያ ልባሱ ያንጸባርቃል፣ ሲመታ ግን ድምፅ የለውም» ያልክበት። ስም አልጠራህም፤ «ምድጃ ላይ የሚሠራ» ካልክ በኋላ ስም ምን ያደርጋል? ኩባያ እየመታን ወደምንለይበት መለያ ክፍል ስገባ ሦስቱ ባልደረቦቼ ከበው እየሰሙ ነበር። ሲያዩኝ ስልኩን መወልወያ ጨርቅ ውስጥ ከተቱት፤ ማጥፋቱን ግን በድንጋጤ ረሱት። ድምፅህ ከጨርቁ ሥር ሆኖ ይሰብካል። እኔም ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ኩባያዬን መምታት ጀመርኩ። ባለቤቴ ሲሰማው ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። ምነው በተቆጣ! «አየሽ፣ እሱም አልሰማልኝም» ብቻ ነው ያለኝ።

ራሱን መምታት የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ማለቴ፣ ጠዋት ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ በጣቱ አጥንት ደረቱን ኳ ኳ ያደርግና ያዳምጣል። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ «ማን ነው? ይግቡ» አልኩት። ቀልድ አልነበረም።

አዲስ ገቢዎች ሁሉ የሚሳሳቱት አንድ ስህተት አለ፤ አንተ ስላልጠየቅከኝ በስብከትህ አላስገባኸውም። ኩባያው እንዳይወድቅባቸው ፈርተው በሙሉ እጃቸው ጨብጠው ይይዙታል። ተጨብጦ የተያዘ ኩባያ ደግሞ ጤነኛም ቢሆን አይጮኽም። በመጀመሪያ ሳምንታቸው ስንት ደህና ዕቃ ወደ ስባሪው ሳጥን ይጥላሉ መሰለህ። በሦስት ጣት ጫፍ አስቀምጣችሁ ነው የምትመቱት እላቸዋለሁ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ባለቤቴን መለያ ክፍል አስገብቼ ይህን አሳየሁት። ጨብጦ ሲመታው ኮሽ አለ። በጣቶቹ ጫፍ አስቀምጬለት ስመታው ግን ቤቱን ሞላው። ያው ኩባያ ነው። «አንተም ራስህን ጨብጠህ ይዘህ ነው የምትመታው» አልኩት። በስንት ወሩ ሳቀ። ከዚያ ኩባያውን እያየ «ብለቀውና ቢወድቅስ?» አለኝ።

የእግዚአብሔር ነህ ብዬዋለሁ። ቁርስ ላይ ብዬዋለሁ፣ መንገድ ላይ ብዬዋለሁ፣ እግሩን እያጠብኩ ብዬዋለሁ። ሁልጊዜ የሚመልስልኝ አንድ ነው፤ «አንቺማ ሚስቴ ነሽ።» እኔ ሚስቱ ስለሆንኩ ቃሌ አይቆጠርም፤ ልክ እንደ ጉባኤያችሁ ደንብ። የሚቆጠረው የወንድሜ ቃል ነው። ፖስታ ሳጥኑን የምከፍተው እኔ ስለሆንኩ ከሥራ ስገባ መጀመሪያ የሚያየው ፊቴን ሳይሆን እጄን ነበር። ይህ ነገር ሰውን ምን እንደሚያደርገው አታውቅም። የምትወደው ሰው አጠገብህ ሲሰምጥ እጅህን ትዘረጋለህ፤ እሱ ደግሞ እጅህን ትቶ ማዶ የቆመውን ሰው ይጠራል።

አንድ ሐሙስ ዕለት ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ምድጃው ሳይበርድ በሩን ከፍቶ ገባ። የወደቀ መደርደሪያ ሊያነሳ ነው ይላል ፋብሪካው የሰጠኝ ወረቀት። መለኪያው ተበላሽቶ የበረደ መስሎት ነው ይላል። መለኪያው እውነትም ተበላሽቶ ነበር፤ ግን መዳፍ የሚሉት ሰው መለኪያ አይቶ አያውቅም። አደጋ ነው ሲሉኝ አደጋ ነው ብዬ ፈረምኩ።

ለቀብር መጣህ፤ ጸልይ አሉህ። መቶ ሰው ቆሞ ሳለ «ጌታ የእርሱ የሆኑትን ያውቃል» አልክ። የእርሱ ነው አላልክም፣ አይደለምም አላልክም። ጎረቤቴ ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝ፤ ምናልባት አንተ ላይ እንዳልወርድብህ ፈርታ ነው። አልወረድኩብህም። በኋላ ከቤቱ ጀርባ፣ ውኃ ማጠራቀሚያው አጠገብ ለብቻዬ አገኘኸኝና «ሁለተኛው ደብዳቤዬ አልደረሰውም?» አልከኝ። እኔም «ምን ደብዳቤ?» አልኩህ። ፊትህ አመድ መሰለ። ጽፌለት ነበር፣ ይቅርታ ጠይቄው ነበር እያልክ ስትንተባተብ «ፖስታ ነው፣ ይጠፋል» አልኩህና ትቼህ ገባሁ።

ሦስት ዓመት የጠፋኸው ለዚህ እንደሆነ አውቃለሁ። ወገቤን ረስተኸው አይደለም። ደብዳቤውን በአደራ በሰው እጅ ልኬው ቢሆን፣ ከሳምንት በፊት ጽፌው ቢሆን፣ ራሴ ይዤው ሄጄ ቢሆን እያልክ ነው። ሚስትህ ባለፈው ዓመት ጽፋልኛለች፤ አትቆጣት። ስለ ምርጫ መስበክ ስትጀምር ድምፅህ እየተቆረጠ መጥቷል አለችኝ። አንድ እሁድ መሃል ላይ አቁመህ ወርደሃል አሉ። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ልዋሽህ አልፈልግም። ሻይ አፍልቼ ደብዳቤዋን ደግሜ አነበብኩት።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ምሳሌ ስለምትወድ በምሳሌ ላድርገው። አንዲት ሴት አለች እንበል። ሁለት ዓመት ሙሉ ባሏን ስታባብለው ኖራ አንድ ቀን ያላመናት። ሰኞ ቀን ከፖስታ ሳጥኑ ለእሱ የተጻፈ ደብዳቤ ታገኛለች እንበል። እዚያው ቆማ ትከፍተዋለች። ሁለት ገጽ ነው፤ ሰማያዊው ቀለም መሃል ላይ አልቆ በቀይ ተጨርሷል። «የሚፈራ ልብ የሞተ ልብ አይደለም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ወንድሜ ነህ» ይላል። ሴትየዋ መሮጥ ነበረባት። ግን እሷ ሺህ ጊዜ ያለችውን፣ ይህ ሰው በሁለት ገጽ ብሎ ሊያድነው ነው። ዳቦ እየጎረሰ ያቆሰለውም እሱ፣ ሁለት መስመር ቀይ ቀለም አፍስሶ የሚፈውሰውም እሱ። አንጀቷ አረረ እንበል። ደብዳቤውን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። እሁድ እሰጠዋለሁ፣ እስከዚያ አንዲት ቀን እንኳ የእኔን ቃል ይመን አለች። ማክሰኞ ኪሷ ውስጥ ነበር። ረቡዕ ኪሷ ውስጥ ነበር፤ ኩባያ ስትመታ ወረቀቱ ይሰማት ነበር። ሐሙስ ጠዋት ጫማውን እያሰረ «የወንድምሽ ደብዳቤ አልመጣም?» አላት። አልመጣም አለችው።

ጥያቄዬ ይኸውልህ። ትምህርትህ እውነት ከሆነ ያቺ ሴት እጇን ኪሷ መክተት ትችል ነበር? ሁሉ ዓለም ሳይፈጠር ከተወሰነ ሰኞም ተወስኗል፣ ሽርጡም ተወስኗል፣ «አልመጣም» የምትለዋም ቃል ተወስናለች፤ ሴትየዋ የተሰጣትን ነው የተሸከመችው። የአባባ ትምህርት እውነት ከሆነ ግን... የአባባን አልጽፈውም። እጄ እምቢ አለኝ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ትምህርትህን እንዳትተው። እለምንሃለሁ። ልመና ከእኔ ሰምተህ አታውቅም፤ ይኸው ስማ። ድምፅህ አይቆረጥ። ትንሽ ጉባኤ ላይ ሳይሆን ትልቁ ላይ፣ በትልቁ ድምፅ ማጉያ፣ ሁሉም ነገር አስቀድሞ የተወሰነ መሆኑን፣ ማንም በገዛ እጁ ምንም እንዳላደረገ ጮኸህ ስበክ። እሁድ እሁድ ስልኩን ሽርጤ ኪስ ውስጥ አድርጌ አዳምጥሃለሁ። ካመነታህ አውቅብሃለሁ፤ ድምፅ መለየት ሥራዬ ነው።

ለሚስትህ መጋረጃውን በአዲሱ ቤት መስኮት ልክ ትቁረጠው በልልኝ።

ጉልበትህን ይጠግንልህ። ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። ከያዘህ እጅ የሚነጥቅህ አይኑር። ስትጸልይ የእኔንም ስም አንሳልኝ፤ ተመርጣ ከሆነ ብለህ አይደለም፣ እንዲሁ አንሳልኝ።

በጀርባዋ ያዘለችህ፣
እህትህ እታለም